የወረሳችሁት የሃም ሬዲዮ ዕቃ፦ የቱ ዋጋ አለው? የቱስ የት ይሸጥ?

የሃም ሬዲዮ ዕቃ የወረሰ ሰው ሁለት ወጥመድ ይጠብቀዋል። አንዱ «ይሄ ሁሉ አሮጌ ብረት ምን ያደርጋል» ብሎ ለቆሻሻ መኪና ማስረከብ ነው። ሌላው ኢቤይ ላይ 3,000 ዶላር የተጻፈበት ተመሳሳይ ሬዲዮ አይቶ ሀብታም ሆንኩ ብሎ መቀመጥ ነው። ሁለቱም ያከስራሉ።

ስለ አሜሪካ ነው የማወራው፤ ዕቃው በብዛት የሚገኘው፣ ገበያውም ያለው እዚያ ስለሆነ። የእኛ ሰው እጅም ይገባል። አማቱ ሃም፣ ማለትም በዚህ ሬዲዮ የሚያወራ፣ የነበረ አለ። ቤት ሲገዛ ቤዝመንቱን ከነኮተቱ የተረከበ አለ። ለዓመታት የተንከባከባቸው አዛውንት «ይሄን አንተ ውሰደው» ያሉትም አለ። ለመጨረሻው አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ የእንክብካቤ ድርጅቶች ሠራተኛቸው ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላሉ። ስለዚህ ዕቃውን ከማንሳታችሁ በፊት ቤተሰቡ ፈርሞ የሰጣችሁ ወረቀት ይኑራችሁ፤ በኋላ የልጅ ልጅ መጥቶ «የአያቴ ሬዲዮ የት ገባ?» ቢል መልስ አላችሁ።

ሃም ሬዲዮ ማለት በፈቃድ የሚሠራ የግል የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ሰውየው ጓሮው ላይ አንቴና ሰቅሎ ከጃፓን ወይም ከብራዚል ጋር ሲያወራ ያመሻል። ዕቃውን ለመያዝም ለመሸጥም ፈቃድ አያስፈልግም። አየር ላይ ለመናገር ግን የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፈቃድ የግድ ነው። «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብላችሁ ማይክሮፎኑን አትጫኑ።

መጀመሪያ ምንነቱን እንለይ

ፊቱን እዩ። ከትልቁ መዘውር አጠገብ 80፣ 40፣ 20፣ 15፣ 10 የሚሉ ቁጥሮች ካሉ፣ ወይም 3.5፣ 7፣ 14፣ 21፣ 28 ካለ፣ ሃም ሬዲዮ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሞገድ ርዝመት በሜትር ናቸው፣ ሁለተኛዎቹ ፍሪኩዌንሲ በሜጋኸርዝ። አነስ ያለ፣ መኪና ውስጥ የሚገጠም ዓይነት ሆኖ 144 ወይም 440 የሚያሳይ ከሆነም ሃም ነው፤ ለቅርብ ርቀት የሚያገለግለው።

ከ1 እስከ 40 ቻናል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ግን የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያወሩበት ሲቢ ነው። ዋጋው ከ20 እስከ 150 ዶላር ይሆናል፤ ኮብራ 148 ጂቲኤል የሚል ከተጻፈበት ወደ ላይኛው ጫፍ ይጠጋል። ማይክሮፎን የሚሰካበት ቦታ ጨርሶ ከሌለው በአብዛኛው መቀበያ ብቻ ነው፤ አጭር ሞገድ ማድመጫ ወይም የፖሊስና የእሳት አደጋ ንግግር መጥለፊያ ስካነር ሊሆን ይችላል። ሞቶሮላ የሚል ተጽፎበት ቁጥር የማያሳይ ጥቁር ሳጥን ከሆነ ደግሞ የታክሲ ወይም የጥበቃ ድርጅት ሬዲዮ ነው፤ ለብቻው አስቀምጡት።

ፕሌት፣ ሎድ፣ ግሪድ የሚሉ ቁልፎች ካሉት በቲዩብ (ከትራንዚስተር በፊት በነበረው፣ አምፑል በሚመስለው ክፍል) የሚሠራ ማሰራጫ ወይም አምፕሊፋየር (የማሰራጫን ኃይል ማጉያ) ነው። ማሰራጫና መቀበያ በአንድ ሳጥን ከሆነ ትራንሲቨር ይባላል። ድሮ ሁለቱ ለየብቻ ይመጡ ስለነበር ጥንዱን ፈልጉ። ተመሳሳይ ቀለምና ቁመት ያላቸው ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ካገኛችሁ አትለያዩአቸው፤ ጥንድ ሆነው ሲሸጡ ለየብቻ ከሚያወጡት ድምር ይበልጣሉ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አራት ፎቶ አንሱ። የፊቱን፣ የጀርባውን፣ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር የተጻፈበትን ሳህን፣ እና አብረው የተገኙትን ኬብሎች። ነቅላችሁ አንድ ካርቶን ውስጥ ከመወርወራችሁ በፊት ኬብሉ የትኛው ሬዲዮ ላይ ተሰክቶ እንደነበር ያለበትን ፎቶ ማንሳት ደግሞ ወርቅ ነው።

ዕድሜና ዋጋ አብረው አይሄዱም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አሮጌ ሁሉ ውድ አይደለም፤ አዲስ ሁሉም ውድ አይደለም።

የቲዩብ ዘመኑን እንውሰድ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው) አሜሪካኖቹ ሲመሩ የነበረበት ጊዜ ነው። ስማቸው ኮሊንስ፣ ድሬክ፣ ሃሊክራፍተርስ፣ ናሽናል፣ ሃማርለንድ፣ ጆንሰን፣ ሂትኪት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኮሊንስን ስታዩ ቆም በሉ። ሲዳር ራፒድስ፣ አዮዋ ግዛት የተሠራ ሲሆን ሰብሳቢዎቹ እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። ኤስ-ላይን የሚባለው ጥንድ፣ ማለትም 75ኤስ መቀበያና 32ኤስ ማሰራጫ፣ ንጹሕና የሚሠራ ከሆነ ከ800 እስከ 1,500 ዶላር አካባቢ ይሄዳል። ኬደብሊውኤም-2 ትራንሲቨር ከ500 እስከ 900። እና አንድ ትንሽ ነገር አለች። ፊቱ ላይ ያለችውን የኮሊንስ ምልክት ቀረብ ብላችሁ እዩ። ክንፍ ያላት ከሆነች የቀድሞው ምርት ነው፤ ክብ ከሆነች የኋለኛው ነው፣ ሰብሳቢም በአብዛኛው ለክቧ ይጨምራል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ምልክት ዋጋውን በመቶዎች ዶላር ልትቀይረው ትችላለች።

ሃሊክራፍተርስ ኤስ-38 ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። መልኩ ያማልላል፣ የሙዚየም ዕቃ ይመስላል፣ ግን በብዛት የተሠራ ርካሽ መቀበያ ስለነበር ዛሬም ከ30 እስከ 75 ዶላር ነው። ከዚህም በላይ ትራንስፎርመር ስለሌለው የብረት ገላው በቀጥታ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ባለማወቅ ሰክቶ የነካው ሰው ይደነግጣል፣ ባስ ካለም ከዚያ የከፋ ይደርስበታል።

ሂትኪት ለብቻው ታሪክ አለው። ቤንተን ሃርበር፣ ሚሺጋን የነበረው ኩባንያ የሚሸጠው ሬዲዮ ሳይሆን የሬዲዮ ክፍሎችንና መመሪያ መጽሐፉን ነበር፤ ገዢው ራሱ በየማታው ቁጭ ብሎ ይበይደዋል። ስለዚህ ሁለት ኤችደብሊው-101 አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ በኢንጂነር እጅ፣ ሌላው በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሬዲዮውን ሳይሰካ ክዳኑን ከፍቶ ብየዳውን ማየት የሚችል ሰው ካለ አሳዩት። የሚሠራው ከ100 እስከ 200 ዶላር ያወጣል። ነገር ግን ካርቶኑ ሳይከፈት የተቀመጠ፣ ያልተገጠመ ሂትኪት ካገኛችሁ በፍጹም አትክፈቱት! ኩባንያው በ1992 ኪት መሸጡን ስላቆመ ያልተገጠመው ከተገጠመው ብዙ እጥፍ ያወጣል።

ድሬክ ከኦሃዮ ነው፣ ጥሩ ሬዲዮ ነው፣ ግን ወራሽን የሚያሸውድ ጠባይ አለው። አር-4ሲ መቀበያና ቲ-4ኤክስሲ ማሰራጫ ጎን ኤምኤስ-4 የሚባል ስፒከር ይቀመጣል። ተራ ስፒከር ይመስላል። ስታነሱት ግን ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሆዱ ውስጥ ኤሲ-4 የሚባለው ፓወር ሰፕላይ (ለሬዲዮው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ተደብቋል። ያለ እሱ ማሰራጫው አይሠራም። «ስፒከሩን ለልጄ ልስጠው» ብሎ ለይቶ የሰጠ ሰው ማሰራጫውን ገድሎታል ማለት ነው። ኮሊንስም ተመሳሳይ ነው፤ 516ኤፍ-2 የሚባለው ፓወር ሰፕላይ ስፒከር በሚመስል ሳጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ጃፓኖች መጡ። ኬንዉድ ቲኤስ-520፣ ያሱ ኤፍቲ-101 የ1970ዎቹ ንጉሦች ነበሩ፤ በጣም ብዙ ስለተሠሩ ዛሬ ከ150 እስከ 300 ዶላር ናቸው። የ1980ዎቹና 1990ዎቹ አይኮም፣ ያሱና ኬንዉድ ደግሞ መሀል ላይ የቀሩ ናቸው። ለሰብሳቢ አላረጁም፣ ለተጠቃሚ አርጅተዋል፣ አንዳንድ መለዋወጫቸውም ከገበያ ጠፍቷል። ሲገዙ ውድ ስለነበሩ ቤተሰብ ብዙ ይጠብቅባቸዋል፤ ገበያው ግን ያንን ያህል አይሰጥም።

በፍጥነት ገንዘብ የሚሆነው አዲሱ ትውልድ ነው። በ2016 የወጣው አይኮም አይሲ-7300 ያገለገለውም ቢሆን ወደ 800 እና 900 ዶላር ይጠጋል፤ ማስታወቂያው ሳይውል ሳያድር ይሸጣል። ኤለክራፍት የሚል ካያችሁ የካሊፎርኒያ ምርት ነው፣ ኬ3 የሚለው ሞዴል ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ቀላል፣ ጥቁር፣ ትንሽ ስለሆነ ከኮሊንሱ ጎን ምናምንቴ ይመስላል። ባውፌንግ የሚል የእጅ ሬዲዮ ከሆነ ግን አትድከሙበት፤ አዲሱ ራሱ 25 ዶላር አካባቢ ነው። ለሚገዛ ሰው ምርቃት አድርጉት።

ከሬዲዮው በላይ የሚያወጡ ትንንሽ ነገሮች

ሰው ትልቁን ሳጥን ሲያይ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ይዘነጋል። እኔን ብትጠይቁኝ መሳቢያውን መጀመሪያ ነው የምከፍተው።

በርድ 43 የሚባል ዋትሜትር አለ። የምሳ ዕቃ የሚያህል፣ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው፣ ፊቱ ላይ አንድ መርፌ ብቻ ያለው መለኪያ ነው። መሀሉ ላይ ክብ የብረት ቡሽ ተሰክቷል፤ ላዩ ላይ ቀስት፣ የዋት ቁጥርና የፍሪኩዌንሲ ክልል ተጽፏል። መለኪያው ብቻውን ከ150 እስከ 250 ዶላር ይሸጣል። ቡሹ ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ኃይልና ፍሪኩዌንሲ የተለየ ይገዛ ስለነበር መሳቢያው ውስጥ አምስት ስድስት ሊኖር ይችላል፤ እያንዳንዱ ከ30 እስከ 80 ዶላር ያወጣል። ጨው መነስነሻ መስሎት የጣለ ሰው አይጠፋም።

የሞርስ መምቻዎችንም (በነጥብና በሰረዝ ድምፅ መልእክት የሚላክባቸውን) እዩ። ከባድ የብረት መሠረት ላይ የተቀመጠ፣ ረጅም ዘንግ ያለው፣ በጎን በኩል በጣት የሚገፋው ቫይብሮፕሌክስ ነው፤ ፓተንቱ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ነው። መሠረቱ ላይ ያለችው ትንሽ ሳህን ሲሪያል ቁጥሩን ይዛለች፣ በእሱም ዘመኑ ይታወቃል። ተራው 75 ዶላር፣ ጥሩው 200፣ ብርቅ የሆነው ከዚያ በላይ። ሳህኗን በብረት ማጽጃ አትፈትጉ፤ ጽሑፏ ከለቀቀ ዋጋዋም አብሮ ይለቃል። የጣሊያኑ ቤጋሊ ካለ ደግሞ ሞርስ አዋቂዎች ይሻሙበታል።

አስታቲክ ዲ-104 ማይክሮፎን፣ ክብ የክሮም ራስ በዘንግ ላይ የቆመው፣ ከ30 እስከ 80 ዶላር ነው። ዓይን ስለሚስብ ብዙ ሰው ውድ ይመስለዋል፤ አይደለም።

ቲዩቦች ጉዳያቸው ሎተሪ ነው። ካርቶን ሙሉ የድሮ ቴሌቪዥን ቲዩብ ዋጋው ከካርቶኑ አይበልጥም። ነገር ግን ቴሌፉንከን ወይም ሙላርድ የሚል 12ኤኤክስ7 ካለ የሙዚቃ ሰዎች ለአንዱ በአሥሮችና በመቶዎች ዶላር ይከፍላሉ፤ ዌስተርን ኤሌክትሪክ 300ቢ ከሆነማ የድሮዎቹ ሺዎችን ያወጣሉ። የእነዚህ ገዢ ሃም አይደለም፣ የድምፅ መሣሪያ አፍቃሪ ነው። ስለዚህ ቲዩቦቹን ከሬዲዮው ጋር ጨምራችሁ ከመስጠታችሁ በፊት በላያቸው ያለውን ጽሑፍ አንድ በአንድ አንብቡ።

ማኑዋሎችን አትጣሉ። ዋናው ማኑዋልና ዋናው ካርቶን ያለው ሬዲዮ ከሌለው ይበልጣል። የፖስት ካርድ ክምርም ታገኛላችሁ፤ ሃሞች ግንኙነታቸውን ለማረጋገጥ የሚላላኩት ነው። ለገበያ እምብዛም ናቸው፤ ግን አንድ ጊዜ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። በኢቲ3 የሚጀምር የጥሪ ምልክት (የባለፈቃዱ መለያ) ያለው ካርድ ከኢትዮጵያ የተላከ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አስመራ ከነበረው ከቃኘው የአሜሪካ ጦር ጣቢያ የወጡ አሉ፤ ጣቢያው በ1977 ስለተዘጋ ካርዶቹ ታሪክ ናቸው። እኔ ብሆን አልሸጣቸውም።

አትሰኩት

ሃያ ዓመት ያልበራ የቲዩብ ሬዲዮ ግድግዳ ላይ መሰካት ብዙ ሰው የሚፈጽመው ጥፋት ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ደርቀዋል፤ ድንገት ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ሊፈነዱ፣ ከነሱም ጋር ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። 800 ዶላር የነበረው በአንድ ደቂቃ 200 ይሆናል። አዋቂው ቮልቴጁን ቀስ በቀስ በሚጨምር ዕቃ ነው የሚያነቃው። ያንን ማድረግ ካልቻላችሁ «አልተሞከረም» ብላችሁ ጻፉ። ገዢው ዋጋ ይቀንሳል፤ ግን ከተቃጠለው ይሻላል።

አምፕሊፋየሩን ጨርሶ አትክፈቱት። ለምሳሌ ሂትኪት ኤስቢ-220 ውስጥ ወደ 3,000 ቮልት አለ። ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ይገድላል፤ ሌላ ቃል የለውም። በአንዳንድ የኃይል ቲዩቦችና ትራንዚስተሮች ውስጥ ያለው ነጭ ሴራሚክም ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፣ ሲፈጭ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል። የተሰበረ ካያችሁ አትነካኩት።

ዋጋውን እንዴት ልወቅ?

ኢቤይ ላይ የተጻፈው ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ተጫኑና ሰው በእርግጥ የከፈለውን እዩ። አንድ ሬዲዮ በ1,200 ዶላር ለወራት ተሰቅሎ ሲቀመጥ ያው ሞዴል በ450 ሦስት ጊዜ ሊሸጥ ይችላል። ኪውአርዜድና ኪውቲኤች የተባሉት የሃሞች የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ያለውን ደግሞ አስተያዩ፤ እዚያ ያለው ዋጋ በአብዛኛው ከኢቤይ ዝቅ ይላል፣ ሻጩም ገዢውም ስለሚያውቅ ማጋነን አይኖርም።

ከዚያ ቀንሱ። የፊት ሳህኑ ላይ ባለቤቱ በራሱ የበሳው ቀዳዳ ካለ ሰብሳቢ ይሸሻል። የሲጋራ ሽታ ይቀንሳል። የጎደለ ቁልፍ፣ የጎደለ ማይክሮፎን፣ የጎደለ ፓወር ኬብል ሁሉም ይቀንሳል፤ የአንዳንዶቹ ኬብል ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ አይገኝም። የሚጨምሩትስ? ተጨማሪ ፊልተር (የማይፈለገውን ሞገድ የሚያጣራ ክፍል) የተገጠመለት፣ በቅርቡ ተፈትሾ ወረቀት ያለው፣ ሲሠራ በቪዲዮ የተቀረጸ። በተለይ ቪዲዮው ገዢን ያሳምናል።

የት ልሽጠው?

ዋናው ምርጫ እዚህ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሁሉንም በአንድ መንገድ አትሽጡ። ትልቁና ከባዱ አካባቢያችሁ ላይ፣ ትንሹና ውዱ ኢንተርኔት ላይ፣ የተረፈው ደግሞ ለክለብ።

ኢቤይ ሰፊ ገዢ አለው፤ ለቫይብሮፕሌክስ፣ ለበርድ ቡሾች፣ ለቲዩቦች፣ ለማይክሮፎኖች እሱን የሚተካ የለም። ፖስታ ቤት ወስዶ መላክ ቀላል ነው። ግን ወደ 13 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል፣ ገዢው «ደርሶኝ አይሠራም» ካለም ብዙ ጊዜ እሱ ይረታል። ከ20 ኪሎ በላይ የሆነ አምፕሊፋየር በኢቤይ መሸጥ ግን ራስን ማስቸገር ነው። ትራንስፎርመሩ ካልወጣ መንገድ ላይ ሳጥኑን ቀዶ ይወጣል፤ ለማውጣት ደግሞ መክፈት ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ ኤስቢ-220 ከ400 እስከ 700 ዶላር ቢያወጣም ሰው መጥቶ የሚወስደው 400 ከሩቅ ገዢ 650 ይሻላል።

የሃሞች የራሳቸው ገበያ ኮሚሽን የለውም ማለት ይቻላል፤ ገዢውም የሚገዛውን ያውቃል። ችግሩ እሱ የሚጠይቃችሁን ጥያቄ አለማወቃችሁ ነው። «የመጨረሻ ቲዩቦቹ ስንት ዋት ያወጣሉ?» ይላችኋል። «ወርሼው ነው፣ አላውቅም፣ ፎቶው ይኸው» ማለት በቂ ነው፤ ሰውን የሚያስቆጣው መዋሸት ነው። አጭበርባሪም አለ። ቼክ ከዋጋው አስበልጦ ልኮ «የቀረውን ለአጓጓዡ ስጥልኝ» የሚል ከመጣ፣ ያ ቼክ ውሸት ነው። ተዉት።

ሃምፌስት የሚባለው የሃሞች ጉሊት ነው። ትልቁ በየዓመቱ ግንቦት አካባቢ ዚንያ፣ ኦሃዮ የሚደረገው ሃምቬንሽን ነው፤ ትንንሾቹ በየክፍለ ሀገሩ አሉ። በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፣ ከባድ ዕቃ ይሸጣል፣ ካርቶን ሙሉ ኮተት በ20 ዶላር ይነሳል። ግን ሰው የሚመጣው ርካሽ ፍለጋ ነው፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ንጋት ላይ መድረስና ጠረጴዛ ላይ መቆም ካልከበዳችሁ ለመካከለኛው ዕቃ ጥሩ ነው።

«ሁሉንም በአንድ ላይ እገዛችኋለሁ» የሚል ሰውም ይመጣል። ጊዜ ለሌለው፣ ቤቱን በሁለት ሳምንት ማስረከብ ላለበት፣ መጥፎ አይደለም። ግማሽ ዋጋ እንኳ ላያገኝ ይችላል፤ ቤቱ ግን ባዶ ይሆናል። ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ «ሁሉንም» ማለት ሁሉንም ነው፤ ኤለክራፍቱንና ኮሊንሱን መርጦ ሽቦውን ጥሎላችሁ እንዳይሄድ። ሁለተኛ፣ ቀብሩ ሳይበርድ ደውሎ «ያንን ሬዲዮ ቃል ገብቶልኝ ነበር» የሚል «የቅርብ ጓደኛ» ከመጣ በትሕትና አመስግናችሁ ስልክ ቁጥሩን ያዙና ሬዲዮውን አትስጡት። እውነተኛ ጓደኛ ሳምንት ይታገሳል።

ከሁሉም የምመክረው መጀመሪያ የአካባቢውን የሃም ክለብ ማነጋገር ነው። የሟቹ የጥሪ ምልክት ዕቃው ላይ ወይም ፖስት ካርዱ ላይ አለ። ክለቡን ከአሜሪካ የአማተሮች (የሃሞች ሌላ ስም ነው) ማኅበር፣ ከኤአርአርኤል፣ ማግኘት ይቻላል። ብዙ ክለቦች ቤተሰብን በነጻ የሚረዱ ሰዎች አሏቸው፤ መጥተው ይለያሉ፣ ይሞክራሉ፣ ዋጋ ይጽፋሉ። ብቻ አንድ ደንብ አድርጉ። የገመተላችሁ ሰው ራሱ ገዢ አይሁን። መግዛት ከፈለገ ሌላ ሰው ይገምት። ጥሩ ክለቦች ይህንን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

መስጠትስ? ክለቡ የበጎ አድራጎት ምዝገባ ካለው ስጦታው ከግብር ሊቀነስ ይችላል፣ ግን በታክስ ፎርሙ ላይ ዝርዝር ቅናሽ ለሚሞሉ ብቻ ነው። በዓመቱ የሰጣችሁት ዕቃ ጠቅላላ ከ500 ዶላር ካለፈ ፎርም 8283 ይሞላል። ለሚሸጡትም አንድ ጥሩ ዜና አለ። የወረሳችሁት ዕቃ ለግብር መነሻ ዋጋው ሟቹ ባረፈበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው፤ ሰውየው በ1965 ስንት ገዛው አይባልም። ቶሎ በዚያው ዋጋ ከሸጣችሁት ትርፍ ስለሌለ ግብርም አይኖርም።

አገር ቤት ልላከው?

ብዙ ሰው ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተቋም፣ አምስት ኪሎ፣ አለ፤ ተማሪዎች የሚማሩበት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሬዲዮ ማሰራጫ በሻንጣ ይዞ ቦሌ መውረድ ማለት ዕቃውን ለጉምሩክ ማስረከብ ነው። ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ዕቃው ከመላኩ በፊት ደግሞ ከተቀባዩ ጋር መነጋገር። የአሜሪካ ዕቃ 120 ቮልት፣ የአገር ቤቱ መብራት 220 ቮልት መሆኑም አይረሳ። አንዳንዱ ትራንስፎርመር ይቀየርለታል፣ በ13.8 ቮልት የሚሠራው ዘመናዊ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ብቻ መቀየር ይበቃዋል። የሚላክ ከሆነ ይሄኛውን ነው የምመርጠው፤ 30 ኪሎ ብረት ለማጓጓዝ የሚከፈለው ሌላ ሬዲዮ ይገዛል።

ጓሮ ውስጥ የቆመ የብረት ማማ ካለ ደግሞ ራሳችሁ አትውጡበት፣ ዘመድም አታስወጡ። ሮን 25 የሚባለው የማማ ዓይነት አንዱ ክፍል ከ50 እስከ 100 ዶላር ስለሚያወጣ «አውርዳችሁ ውሰዱ» ብላችሁ ብታስታውቁ የሚመጣ አይጠፋም። የሚያወርደው ሰው ኢንሹራንስ እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት ያምጣ፣ ማማውን የያዘውን ገመድ ከመፍታቱ በፊትም የወረቀቱን ቅጂ ስጠኝ በሉት።